ሌዘር ፕሮጀክተር ብርሃኑን ከየት ያመጣዋል?

ካርቶኑ ላይ «ሌዘር» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት ፕሮጀክተር ዛሬ ወደ ስብሰባ አዳራሽ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ቤተ አምልኮ፣ ወደ ሰው ሳሎንም እየገባ ነው። ለገዢው ብዙ ጊዜ የማይነገረው አንድ ነገር አለ፤ ከእነዚህ መሣሪያዎች በአብዛኞቹ ስክሪኑ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በአመዛኙ የሌዘር ብርሃን አይደለም። ሌዘሩ ያለው ውስጥ ነው፤ ሥራውም ሌላ ነገር እንዲያበራ ማድረግ ነው። የምናየው አረንጓዴና ቀይ የሚወጣው ፎስፈር ከሚባል ቢጫ ቁስ ነው፤ ሰማያዊ ሌዘር ሲያርፍበት ራሱ ያበራል። ይህን የተረዳ ሰው በእነዚህ ፕሮጀክተሮች ላይ ቀይ ቀለም ለምን እንደሚደክም፣ «20,000 ሰዓት» የሚለው ጽሑፍ ምን ማለት እንደሆነ፣ አንዱ «ሌዘር» ከሌላው «ሌዘር» ለምን እጅግ እንደሚወደድ ማወቅ አይቸግረውም።

ከሌዘር በፊት ሥራውን የያዘው የሜርኩሪ አምፖል ነበር፤ አሁንም በብዙ አዳራሾች እየሠራ ነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1995 ዩኤችፒ ብሎ ለገበያ ያቀረበው ይህ አምፖል በትንሽ የኳርትዝ እንክብል ውስጥ የታመቀ የሜርኩሪ ትነት ነው። ሲሠራ የውስጡ ግፊት ወደ 200 አትሞስፌር ይደርሳል፤ ብርሃኑም የሚፈልቀው ሁለት ጫፎች መካከል ባለ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ከሚነሣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው። መሐንዲሶች ይህን ሁሉ ግፊትና ሙቀት የታገሡት ብርሃኑ እጅግ ከጠበበ ቦታ እንዲወጣ ስለፈለጉ ነው። ለምን? የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ስላለ ትንሽ ልቆይበት።

ፕሮጀክተር ውስጥ ምስሉን የሚሠራው ቺፕ፣ በብዙዎቹ ሞዴሎች፣ ሰያፉ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስክሪን ላይ የሚደርሰው ብርሃን ሁሉ መጀመሪያ በዚህች ቺፕ ላይ ማረፍ፣ ከዚያ በሌንሱ አፍ ማለፍ አለበት። ሌንሱ ደግሞ የሚቀበለው በተወሰነ ማዕዘን ውስጥ የሚመጣ ብርሃንን ነው። አንዴ ከሰፊ ቦታ ወደየአቅጣጫው የተበተነ ብርሃንን፣ የትኛውንም ዓይነት ሌንስ ብንጠቀም፣ ወደ ጠባብ ቦታም ወደ ጠባብ አቅጣጫም በአንድ ጊዜ መሰብሰብ አይቻልም። ቦታውን ስናጠበው አቅጣጫው ይሰፋል፤ አቅጣጫውን ስናጠበው ቦታው ይሰፋል። ይህ የፊዚክስ ሕግ ነው፤ በተሻለ ሌንስ ወይም በተሻለ ፋብሪካ አይታለፍም።

የተራ ኤልኢዲ ድካም እዚህ ላይ ይታያል። ሁለት ኤልኢዲ ጎን ለጎን ብንደረድር ብርሃኑ እጥፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ብርሃኑ የሚወጣበት ቦታም አብሮ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትርፉ ቺፑ ላይ ሳይደርስ በመንገድ ይባክናል። የኤልኢዲ ፕሮጀክተሮች ለትንሽ ጨለማ ክፍል ጥሩ ሆነው ለትልቅ አዳራሽ ያልበቁት በዚህ ምክንያት ነው። የሌዘር ጨረር ግን የሚወጣው እጅግ ከጠበበች ነጥብ ነው፤ አቅጣጫውም ጠባብ ነው። በደርዘን የሚቆጠሩ ሌዘር ዳዮዶችን (ኤሌክትሪክን ወደ ሌዘር ብርሃን የሚለውጡ ጥቃቅን ቺፖችን) ጨረር አሰባስቦ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት አንዲት ቦታ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ፎስፈሩ እዚያ ላይ ሲያበራ ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው መልሶ ቢበትነውም፣ የሚበትነው ከትንሽ ቦታ ስለሆነ ሌንስ ይይዘዋል። የሌዘርና የፎስፈር ጥምረት ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል። ማስታወቂያዎች የሚያጎሉት ረጅም ዕድሜውን ቢሆንም፣ ኤልኢዲም ረጅም ዕድሜ አለው፤ ያጣው ይህን መጥበብ ነው።

ለምን ሰማያዊ ሌዘር ተመረጠ? በመጀመሪያ፣ ጠንካራና ርካሽ ሆኖ የተገኘው እርሱ ስለሆነ ነው። ጃፓን ውስጥ ኒቺያ በተባለው ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሹጂ ናካሙራ በጋሊየም ናይትራይድ ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሠራ፤ ብዙም ሳይቆይ በዚያው ቁስ ሌዘር ዳዮድ ተከተለ። ናካሙራ ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋር በ2014 (እ.ኤ.አ.) የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለሰማያዊው ኤልኢዲ ነው። ዛሬ በፕሮጀክተር ውስጥ ያሉት ዳዮዶች አብዛኛውን ጊዜ 450 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) አካባቢ የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ይሰጣሉ፤ የብርሃንን ቀለም የሚወስነው ይህ ርዝመት ነው፤ እያንዳንዳቸውም ጥቂት ዋት ያወጣሉ። አረንጓዴ ሌዘር ዳዮድ ኤሌክትሪክን ወደ ብርሃን በመለወጥ ከሰማያዊው ብዙ ያንሳል። ቀዩ ደግሞ ሙቀት አይወድም፤ ትንሽ ሲግል ጉልበቱ ይወርዳል።

ሁለተኛው ምክንያት ያለው ዓይናችን ውስጥ ነው። በቀን ብርሃን ዓይናችን ከሁሉ አብልጦ የሚያየው 555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ቢጫማ አረንጓዴ ነው። በዚያ ቦታ 1 ዋት ብርሃን 683 ሉመን ይሆናል፤ ሉመን ለዓይን የሚታየው የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። በ450 ናኖሜትር ግን ያው 1 ዋት ወደ 26 ሉመን ብቻ ነው። ስለዚህ ሰማያዊውን ብርሃን ወስዶ ወደ ቢጫ የሚለውጥ ቁስ ካለ፣ በመንገድ ጥቂት ቢያባክን እንኳ፣ ዓይን የሚቆጥረው ብርሃን ብዙ እጥፍ ያድጋል።

ያ ቁስ አለ፤ ሁላችንም ቤት ገብቷል። የነጭ ኤልኢዲ አምፖል ክዳኑ ተነሥቶ ውስጡ ሲታይ የሚገኙት ትናንሽ ቢጫ ነቁጦች ፎስፈር ናቸው፤ ከሥራቸው ያለው ሰማያዊ ኤልኢዲ ነው። ሰማያዊው ከቢጫው ጋር ሲደባለቅ ነጭ ሆኖ ይታየናል። በጣም የተለመደው ፎስፈር በኢትሪየም፣ በአሉሚኒየምና በኦክስጅን የተሠራ፣ ያግ የሚባል ክሪስታል ሲሆን ሴሪየም የሚባል ብረት በጥቂቱ ተጨምሮበታል። ብርሃኑን የሚውጠውም የሚተፋውም ሴሪየሙ ነው። ሰማያዊ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ሲያርፍበት ኤሌክትሮኑ ከፍ ወዳለ ደረጃ ይዘላል፤ ከአንድ ሚሊዮንኛ ሴኮንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ፣ በ60 ወይም በ70 ናኖሴኮንድ ገደማ፣ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሲመለስም ከአረንጓዴ እስከ ቀይ ጫፍ የሚደርስ፣ መሐሉ 550 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ሰፊ ብርሃን ያወጣል። ይህ ፍጥነት ጥቅሙ ብዙ ነው። ሌዘሩ በአንዲት ነጥብ ላይ የሚያዘንበው ፎቶን እጅግ ብዙ ነው፤ ዘገምተኛ ፎስፈር ቢሆን የመጀመሪያውን ሳይጨርስ ሌላው ይደርስበትና ብርሃኑ መጨመሩን ያቆማል።

ነጻ ነገር ግን የለም። ሰማያዊ ፎቶን ከቢጫው የበለጠ ጉልበት አለው፤ ልዩነቱ ሙቀት ሆኖ ፎስፈሩ ውስጥ ይቀራል። ከ450 ወደ 550 ናኖሜትር ስንሄድ የሚቀረው 18 በመቶ ነው። ይህ ፎስፈሩ አንዲት ፎቶን ሳያባክን ቢሠራ እንኳ የማይቀር ነው፤ 100 ዋት ሰማያዊ ብርሃን ከፈሰሰበት ቢያንስ 18 ዋት ጥቂት ሚሊ ሜትር በሆነች ቦታ ላይ ሙቀት ይሆናል። ፎስፈር ደግሞ ከልክ በላይ ሲግል ብርሃን መስጠቱን ይቀንሳል፤ ያልሰጠውን ብርሃን ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ሙቀቱ ሲጨምር የበለጠ ይደክማል። ይህ አዙሪት አንዴ ከጀመረ የሚያበቃው ፎስፈሩ ሲቃጠል ነው።

መፍትሔው መንኮራኩር ሆነ። ፎስፈሩ በአሉሚኒየም ዲስክ ጠርዝ ላይ ክብ ሠርቶ ይለጠፋል፤ ዲስኩ በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ይሽከረከራል። 7,200 ዙር በደቂቃ፣ ማለትም 120 ዙር በሴኮንድ፣ እንግዳ ቁጥር አይደለም። ሌዘሩ ቦታውን አይለቅም፤ ከሥሩ የሚያልፈው ፎስፈር ግን እየተቀያየረ አንዱ ክፍል ሲበራ ሌላው ይቀዘቅዛል። የፎስፈሩን ዱቄት የሚያያይዘው ብዙ ጊዜ ሲሊኮን ነው። ከፍተኛ ብርሃን በሚሰጡ ማሽኖች ላይ ግን ሲሊኮኑ ሙቀቱን ስለማይችል በሴራሚክ ወይም በመስታወት ተተክቷል። ሁለት ፕሮጀክተሮች በወረቀት ላይ እኩል ሉመን ኖሯቸው አንዱ ከዓመታት በኋላም ደማቅ ሆኖ ሌላው የሚደበዝዘው አንዳንዴ በዚህች ማንም በማያያት ዲስክ ጥራት ነው።

ቀለሞቹ የሚለያዩበት መንገድ እንደ ማሽኑ ዓይነት ይለያያል። ዲኤልፒ በሚባለው፣ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ መሐንዲስ ላሪ ሆርንቤክ በ1987 (እ.ኤ.አ.) በፈለሰፈው የጥቃቅን መስታወቶች ቺፕ ላይ በተመሠረተው ዓይነት፣ ብዙ ጊዜ ያለው ቺፕ አንድ ነው። ስለዚህ ቀለሞች በየተራ ይመጣሉ። የመንኮራኩሩ አንድ ክፍል ቀዳዳ ወይም የሚያሳልፍ መስታወት ሆኖ ሰማያዊውን ሌዘር ያሳልፋል፤ ሌላው ክፍል አረንጓዴ ፎስፈር ነው፤ ሌላው ቢጫ ሆኖ በቀይ ማጣሪያ ያልፋል። ዓይን ይህን ፈጣን መፈራረቅ አይለየውም፤ አንድ ምስል አድርጎ ያየዋል። ሦስት ቺፕ ባላቸው ስሪ ኤልሲዲ ማሽኖች ደግሞ ፎስፈሩ ያለማቋረጥ ቢጫ ብርሃን ይሰጣል፤ ልዩ መስታወቶች ቢጫውን አረንጓዴና ቀይ አድርገው ይከፍሉታል፤ ሰማያዊው ከሌዘሩ በቀጥታ፣ በማለስለሻ መስታወት ተበትኖ ይመጣል።

ካሲዮ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ፕሮጀክተር ሰማያዊ ሌዘር፣ አረንጓዴ ፎስፈርና ቀይ ኤልኢዲ ነበረው፤ ሜርኩሪ አልነበረውም። ቀዩን ለብቻው ከኤልኢዲ ማምጣታቸው በአጋጣሚ አይደለም። የዚህ ቴክኖሎጂ ደካማ ጎን ቀይ ነው።

የሴሪየሙ ብርሃን አረንጓዴና ቢጫ ይበዛበታል፤ ጥልቅ ቀይ ግን ያንሰዋል። ከቢጫው ውስጥ ቀዩን ለይቶ ለማውጣት ብዙውን ብርሃን መጣል ግድ ይላል። አምራቹ እዚህ ጋ ከሁለት አንዱን ይመርጣል። ጥብቅ ማጣሪያ አድርጎ ቀዩን ካጠራው ሉመኑ ይወርዳል፤ ማጣሪያውን ካላላው ሉመኑ ከፍ ይላል፤ ቀዩ ግን ወደ ብርቱካናማ ያደላል። «ታዲያ ቀይ ፎስፈር ለምን አይጨመርም?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ቀይ የሚሰጡት ፎስፈሮች በሴሪየም ፈንታ ዩሮፒየም በሚባል ሌላ ብረት የሚሠሩ ናቸው፤ ዩሮፒየም ወደ ቦታው ለመመለስ ወደ 1 ማይክሮሴኮንድ ይወስድበታል፤ ይህም ከሴሪየም ከአሥር እጥፍ በላይ መዘግየት ነው። በሌዘር ጎርፍ ሥር ቶሎ ይሞላል፤ ከሰማያዊ ወደ ቀይ የሚደረገው ዝላይ ረጅም ስለሆነም የሚቀረው ሙቀት ይበዛል። ስለዚህ አንዳንድ አምራቾች ፎስፈሩን ትተው ጥቂት ቀይ ሌዘር ይጨምራሉ። ባለሁለት ሌዘር ተብለው የሚሸጡት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው፤ ለሰው ፊትና ለባንዲራ ቀለም ልዩነታቸው በግልጽ ይታያል።

ፎስፈርን ጨርሶ የተዉም አሉ። አርጂቢ ሌዘር የሚባሉት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሌዘር ለየብቻ አላቸው። እዚህ ላይ «ሌዘር» የሚለው ስም ሙሉ ትርጉም ያገኛል። የቀለም ስፋታቸው ትልቅ ነው፤ ሬክ 2020 የተባለው ዓለም አቀፍ የምስል መስፈርት ዋና ቀለሞቹን በ630፣ በ532 እና በ467 ናኖሜትር ላይ ሲያስቀምጥ፣ እነዚህ ነጠላ የሞገድ ርዝመቶች ስለሆኑ ወደዚያ በደንብ የሚጠጋው ሌዘር ነው። የራሳቸው ችግር ግን አላቸው። የሌዘር ብርሃን ሞገዶች በሥርዓት የተሰለፉ ስለሆኑ ከስክሪኑ ሸካራ ገጽ ሲመለሱ እርስ በርስ ይጠናከራሉ፣ ይጠፋፋሉም፤ ውጤቱ ምስሉ ላይ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ነቁጦች ናቸው። ይህን ለመቀነስ ብርሃኑን የሚያወዛውዙና የሚበትኑ ተጨማሪ ክፍሎች ያስፈልጋሉ፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ሌላው፣ የሰው ዓይን ከሰው ዓይን ጥቂት ስለሚለያይ፣ በእንዲህ ያለ ጠባብ ቀለም የተሠራ ነጭ ለአንዱ ወደ ሮዝ፣ ለጎረቤቱ ወደ አረንጓዴ ያደላ ሊመስል ይችላል። የፎስፈር ብርሃን ሞገዱ ያልተሰለፈ፣ ቀለሙም ሰፊ ስለሆነ ከሁለቱም ችግሮች በአብዛኛው ነጻ ነው። ሰማያዊው ሌዘር ሆኖ ቢቀርም ዓይናችን በሰማያዊ ቀለም ዝርዝር ነገር የመለየት አቅሙ ዝቅተኛ ስለሆነ ነቁጡን ብዙም አያስተውለውም። ስለዚህ ለትምህርትና ለስብሰባ ጽሑፍና ሰንጠረዥ የሚያሳይ ሰው አርጂቢ ሌዘር ፍለጋ ገንዘቡን ማብዛት የለበትም ባይ ነኝ። ፊልም በቁም ነገር ለሚያይ ሰው ግን ልዩነቱ ገንዘብ ያወጣል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ። «20,000 ሰዓት» ማለት ከዚያ በኋላ ይጠፋል ማለት አይደለም፤ በተለምዶ ብርሃኑ ከመጀመሪያው ወደ ግማሽ የሚወርድበት ጊዜ ነው። በቀን 8 ሰዓት ሳያቋርጥ ለሚሠራ አዳራሽ 7 ዓመት ገደማ ይሆናል። መውረዱ ግን ቀስ በቀስ ነው፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ይወርዳል። ስለዚህ ዛሬ ለክፍሉ ልክ የሆነ ብርሃን ያለውን መግዛት ከሦስት ዓመት በኋላ ያስቆጫል፤ ትርፍ አድርጎ መግዛትና ዝቅ ባለ ኃይል መጠቀም የተሻለ ነው። አንዳንድ ማሽኖች ይህን ራሳቸው ያደርጋሉ፤ በዝቅተኛ ኃይል ጀምረው ብርሃኑ ሲደክም ኃይሉን እየጨመሩ ለዓመታት አንድ ዓይነት ድምቀት ይዘው ይቆያሉ። የብርሃን መጠኑን በተመለከተ ደግሞ አይሶ 21118 (ISO 21118) ወይም አንሲ (ANSI) የሚል የታወቀ የመለኪያ መስፈርት ካልተጠቀሰ ቁጥሩ ብዙም እምነት አይጣልበትም። አንዳንዶች የሚጽፉት ከብርሃን ምንጩ የሚወጣውን ነው፤ ከቺፑና ከሌንሱ በኋላ የሚተርፈው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ባለአንድ ቺፕ ዲኤልፒ ላይ ሌላም ጉዳይ አለ፤ በብዙዎቹ መንኮራኩሩ ላይ ቢጫው ሳይጣራ የሚያልፍበት ክፍልም ስላለና ነጩን ስለሚያደምቀው የነጭ ሉመኑ ከፍ ብሎ፣ ቀለም የሞላበት ፎቶ ሲታይ ግን ምስሉ ደብዘዝ ይላል። መሣሪያውን ሲሞክሩ ነጭ ገጽ ሳይሆን ደማቅ ቀይ ልብስ ያለበት ፎቶ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ።

አገራችን ላይ ሁለት ነገሮች ይህን ቴክኖሎጂ በተለየ መንገድ ይነኩታል። አንደኛው የመብራት መቆራረጥ ነው። የሜርኩሪ አምፖል በድንገት መብራት ሲጠፋበት ማራገቢያው ቆሞ ሙቀቱ ውስጡ ይታፈናል፤ ዕድሜውም ያጥራል። መብራቱ ወዲያው ቢመለስ እንኳ ትኩስ አምፖል አይነሣም፤ ውስጡ ያለው ግፊት ከፍተኛ ስለሆነ እስኪቀዘቅዝ ደቂቃዎች መጠበቅ አለ፤ ጉባኤው በሙሉ ጨለማ ስክሪን እያየ ይቀመጣል። ሌዘሩ ወዲያው ይበራል፣ ወዲያው ይጠፋል፤ ደጋግሞ ማብራትና ማጥፋትም ያን ያህል አይጎዳውም። ይህ ብቻውን በእኛ ሁኔታ የዋጋ ልዩነቱን የሚያካክስ ይመስለኛል። ሆኖም መብራት ሲመለስ የሚመጣው የቮልቴጅ ዝላይ ውስጡ ላሉት የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች አደጋ መሆኑ አልቀረም፤ ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ አሁንም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ከፍታ ነው፤ እምብዛም አይታወቅም። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት ሲሽከረከር ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል፤ ሌዘር ዳዮድም ፎስፈርም የሚያረጁት በሙቀት ነው። አብዛኞቹ ፕሮጀክተሮች ለዚህ የከፍታ ሁነታ የሚባል ምርጫ በሜኑ ውስጥ አላቸው፤ ከ1,400 ወይም ከ1,500 ሜትር በላይ እንዲበራ የአምራቾቹ መመሪያ ያዛል። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ደሴ፣ መቀሌና ሐዋሳ ሁሉም ከዚያ በላይ ናቸው። ከፋብሪካ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ሲበራ ማራገቢያው ይጮኻል፤ ሰዎችም ድምፁ ስለረበሻቸው መልሰው ያጠፉታል። ይህን ሳይ ከልቤ አዝናለሁ፤ ውድ የሆነውን ማሽን በዝምታ የሚያስረጀው ይህ ነው።

የደኅንነቱን ጉዳይ በሁለት ከፍሎ ማየት ያስፈልጋል። ከሌንሱ የሚወጣው የፎስፈር ብርሃን ተበትኖ የመጣ ስለሆነ ስክሪኑን በማየት ምንም ጉዳት የለም፤ ሌንሱን በቅርበት ትኩር ብሎ ማየት ግን፣ እንደ ማንኛውም ጠንካራ መብራት፣ ዓይን ይጎዳል። ልጆች ሌንሱ ፊት እንዳይጫወቱ ከፍ አድርጎ መስቀል ይበቃል። ሽፋኑ ሲከፈት ነገሩ ሌላ ነው። ውስጥ ያለው ሰማያዊ ጨረር ገና አልተበተነም። ከ0.5 ዋት በላይ የሆነ ሌዘር ክፍል 4 ከሚባለው ከመጨረሻው የአደጋ ደረጃ ይመደባል፤ እዚህ አንዱ ዳዮድ ብቻ ከዚያ ይበልጣል፤ ያሉት ደግሞ በደርዘን ናቸው። ከሚያብረቀርቅ ብረት ተንጸባርቆ የመጣው እንኳ ዓይን ከመጨፈኑ በፊት ሬቲናን (ከዓይን ኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ያቃጥላል፤ የተቃጠለው አይመለስም። ስለዚህ አምራቾች ሽፋኑ ሲነሣ ወይም የፎስፈር መንኮራኩሩ ሲቆም ሌዘሩን የሚያጠፉ ማብሪያዎችና ሴንሰሮች አስገብተዋል። ለፍተሻ ብሎ እነዚህን በሽቦ አገናኝቶ ማሽኑን ክፍቱን ማስነሣት፣ በአምፖል ፕሮጀክተር ጥገና የለመደ ባለሙያ በቀላሉ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው፤ በሌዘር ላይ ግን ለዚያ የሞገድ ርዝመት የተሠራ መከላከያ መነጽር ሳይኖር በፍጹም መደረግ የለበትም።